በምህዋር ላይ ያለን አካል ከምድር በራዳር መከታተል፦ ከእቅድ እስከ ምህዋር ስሌት

በምድር ዙሪያ የሚዞሩ ሳተላይቶችንና ስብርባሪዎችን ከመሬት ለመከታተል በዋናነት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ቴሌስኮፕና ራዳር ናቸው። ቴሌስኮፕ የሚሠራው ሰማዩ ሲጠራ፣ ተመልካቹ በጨለማ ውስጥ ሆኖ አካሉ ላይ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍ ነው፤ ስለዚህም በዝቅተኛ ምህዋር ላይ ላሉ አካላት የሚመቹት ከንጋት በፊትና ከምሽት በኋላ ያሉት አጭር ሰዓታት ናቸው። ራዳር የራሱን ሞገድ ስለሚልክ ቀንና ሌሊት፣ በደመናም ሆነ በጠራ ሰማይ ይሠራል፤ ከዚህም በላይ አንድ ቴሌስኮፕ በቀጥታ ሊሰጥ የማይችለውን ርቀት ይለካል። በምላሹ የሚጠይቀው ከፍተኛ ኃይል ነው፤ የጣቢያው እቅድ ሁሉ የሚመነጨውም ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ይህ መመሪያ የራዳርን መሠረታዊ አሠራር አውቆ የክትትል ጣቢያ ለማቀድ፣ ወይም ከነባር ጣቢያ የሚወጣውን ልኬት ለመተንተን ለሚፈልግ አንባቢ የቀረበ ነው። ሐሳቡ እንዳይበተን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ አካሉ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስብርባሪ ሲሆን ከጣቢያው 1,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጣቢያው 25 ሜትር ዲያሜትር ያለው ዲሽ፣ 1.3 ጊጋ ኸርዝ ፍሪኩዌንሲና 1 ሜጋ ዋት ከፍተኛ የማሰራጫ ኃይል አለው። ምሳሌው ለስሌት የታሰበ ቢሆንም ከእውነታው የራቀ አይደለም፤ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው የሚልስቶን ሂል ራዳር 25.6 ሜትር ዲሽ በ1,295 ሜጋ ኸርዝ፣ በጀርመን ዋክትበርግ የሚገኘው ቲራ ደግሞ 34 ሜትር ዲሽ በ1.333 ጊጋ ኸርዝ ይጠቀማሉ።

ከርቀቱ ይጀምሩ

ራዳር የሚልከው ሞገድ ወደ አካሉ ሲሄድ በርቀቱ ካሬ ልክ ይሳሳል፤ ከአካሉ ነጥሮ ሲመለስም እንደገና በርቀቱ ካሬ ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ወደ መቀበያው የሚደርሰው ኃይል በርቀቱ አራተኛ ኃይል (ርቀቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ) ይቀንሳል ማለት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ኃይል 16 ጊዜ፣ በዴሲቤል (የኃይልን ንጽጽር በሎጋሪዝም በሚገልጸው አሃድ) ሲቆጠር ደግሞ 12 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ይህን ቁጥር በቃል መያዝ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳልና።

አዲስ አቃጆች በብዛት የሚሳሳቱት የአካሉን ከፍታ እንደ ርቀቱ በመቁጠር ነው። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሳተላይት ከጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር የሚርቀው በትክክል በአናት ላይ ሲያልፍ ብቻ ሲሆን፣ ከአድማስ 10 ዲግሪ ላይ ሲሆን ርቀቱ 1,440 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአድማስ ብቅ ሲል ደግሞ 2,290 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ10 ዲግሪ የሚመለሰው ኃይል በአናት ላይ ከሚመለሰው በ168 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጣቢያው የሚሠራበትን ዝቅተኛ የከፍታ ማዕዘን አስቀድመው ይወስኑና ኃይሉን የሚያሰሉት በዚያ ማዕዘን ላይ ባለው ርቀት ይሁን። በአናት ላይ የተሰላ ጣቢያ በወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን አብዛኛዎቹ ማለፊያዎች በአናት ላይ አይደሉም።

የጣቢያው ኬክሮስም ከዚሁ ጋር ይታያል። የምህዋሩ ዝንባሌ (ምህዋሩ ከምድር ወገብ ጋር የሚሠራው ማዕዘን) ከጣቢያው ኬክሮስ ካነሰ አካሉ መቼም በአናት ላይ አያልፍም፤ ልዩነቱ ከሰፋም ጨርሶ ከአድማስ አይወጣም። ለምሳሌ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለን አካል ከ10 ዲግሪ በላይ ለማየት ጣቢያው አካሉ ከሚያልፍበት የምድር ነጥብ ከ12 ዲግሪ ገደማ በላይ መራቅ የለበትም። ለምድር ወገብ የቀረበ ጣቢያ ዝንባሌው ምንም ይሁን ምን በዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያሉትን አካላት በጊዜ ሂደት ሁሉንም ሊያይ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው የአሜሪካ የጠፈር አጥር ራዳር በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለው የኳጃሌን ደሴት ላይ መተከሉ ይህን ጥቅም አስገኝቶለታል።

ፍሪኩዌንሲውን መምረጥ

አንድ አካል ሞገድን የሚመልስበት ስፋት ከአካላዊ ስፋቱ ጋር ሁልጊዜ እኩል አይደለም። አካሉ ኳስ ቢሆንና ዙሪያው ከሞገዱ ርዝመት በጣም ካነሰ፣ የሚመልሰው ኃይል በዲያሜትሩ ስድስተኛ ኃይል እየወረደ ይሄዳል፤ በዚህ ክልል ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያነሰ ስብርባሪ የሚመልሰው 64 ጊዜ ያነሰ ነው። የእኛን 10 ሴንቲ ሜትር አካል እንደ ብረት ኳስ ብንወስደውና በ143 ሜጋ ኸርዝ ብናየው፣ የሞገዱ ርዝመት 2.1 ሜትር ስለሆነ አካሉ ለራዳሩ የሚታየው ከእውነተኛ ስፋቱ ከ200 ጊዜ በላይ አንሶ ነው። በ1.3 ጊጋ ኸርዝ ግን የሞገዱ ርዝመት 23 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የኳሱ ዙሪያ 31 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እዚህ ላይ አካሉ ከስፋቱ ጋር በሚቀራረብ መጠን ይታያል።

ታዲያ ለምን ከዚያም ከፍ አንልም? እያደር ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር የዲሹ ጨረር ይጠባል፤ ጨረሩ በጠበበ ቁጥርም አካሉን መፈለግ ይከብዳል፤ ከ10 ጊጋ ኸርዝ በላይ ደግሞ ዝናብ ራሱን የቻለ እንቅፋት ይሆናል። በዚያ ክልል የሚሠሩት ራዳሮች ቦታው አስቀድሞ የታወቀን ሳተላይት ምስል ለማንሳት የተመቹ ናቸው፤ በማሳቹሴትስ የሚገኘው ባለ 37 ሜትር ዲሽ የሄይስታክ ራዳር ከ92 እስከ 100 ጊጋ ኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራው ለዚህ ነው። በእኔ ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያቅድ ሰው ከ1 እስከ 3 ጊጋ ኸርዝ ያለው ክልል ከሁሉ የተሻለ መካከለኛ ምርጫ ነው። ትልልቅ ሳተላይቶችን ብቻ መከታተል ለሚፈልግ ግን ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ በጣም ርካሽ ነው፤ የፈረንሳዩ ግራቭ ራዳር በ143.050 ሜጋ ኸርዝ ሥራውን የሚያከናውነው ይህን አመዛዝኖ ነው።

ኃይሉን ማስላት

ስሌቱን በዴሲቤል መሥራት ከማባዛትና ከማካፈል ያድናል። የ25 ሜትር ዲሽ በ1.3 ጊጋ ኸርዝ፣ በ60 በመቶ ብቃት፣ 48.4 ዴሲቤል ያህል የማጉላት አቅም አለው፤ ሲልክም ሲቀበልም ስለሚያገለግል 96.8 ይሆናል። በዚህ ላይ የማሰራጫውን 60 ዴሲቤል ዋት ይደምሩ። ከድምሩ ላይ ለሞገዱ ርዝመት 12.7፣ ለአካሉ ስፋት (0.01 ካሬ ሜትር ብንል) 20፣ በራዳር የኃይል ቀመር ውስጥ ላለው ቋሚ ቁጥር 33፣ ለ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ደግሞ 240 ይቀንሱ። የሚቀረው 149 ዴሲቤል ከ1 ዋት በታች ነው፤ ይህም 1 ዋት ለ1,000 ትሪሊዮን ቢካፈል ከሚደርሰው ድርሻ ጋር ይቀራረባል።

ቁጥሩ ተስፋ ቢያስቆርጥም ብቻውን ምንም አይናገርም፤ መነጻጸር ያለበት ከመቀበያው የራዲዮ ጫጫታ ጋር ነው። የሥርዓቱ የጫጫታ ሙቀት (የጫጫታው መጠን በሙቀት ሲገለጽ) 150 ኬልቪን ቢሆንና ራዳሩ 1 ሚሊ ሰከንድ የሚረዝም ምት (በአንድ ጊዜ የሚላክ አጭር ሞገድ) ቢልክ፣ ከምቱ ጋር የተጣጣመው ማጣሪያ የሚያስገባው ጫጫታ 177 ዴሲቤል ከ1 ዋት በታች ነው። ልዩነቱ 28 ዴሲቤል ይሆናል፤ በሞገድ መምሪያ ቱቦዎች፣ በከባቢ አየርና በአቅጣጫ ስህተት ለሚጠፋው 5 ዴሲቤል ቢቀነስ 23 ይቀራል። አንድን አካል በአንድ ምት ብቻ አስተማማኝ በሆነ መልኩ ለመለየት 13 ዴሲቤል ገደማ ስለሚበቃ፣ የእኛ ጣቢያ 10 ሴንቲ ሜትሯን ስብርባሪ በ1,000 ኪሎ ሜትር ላይ በምቾት ያያል። በ2,000 ኪሎ ሜትር ግን 11 ዴሲቤል ብቻ ስለሚቀረው ከአንድ በላይ ምት ማደማመር ግድ ይሆናል።

ይኸው ጣቢያ በ36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው የቋሚ ሳተላይቶች ምህዋር ቢዞር 62 ዴሲቤል ተጨማሪ ያጣል። ያችን ስብርባሪ እዚያ ማየት የማይታሰብ ነው። 10 ካሬ ሜትር የሚታይ ስፋት ያለው ትልቅ ሳተላይት ግን 30 ዴሲቤል ስለሚመልስልን ከጫጫታው በ9 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ይላል፤ በሰከንድ 40 ምቶች እየላኩ የ5 ሰከንዱን 200 ምቶች ሞገዳቸው እንደተናበበ ቢደምሩ 23 ዴሲቤል ስለሚገኝ ሳተላይቱ ይወጣል። ሞገዱ እስከዚያ ደርሶ እስኪመለስ 240 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ በማናቸውም ቅጽበት ወደ አሥር የሚጠጉ ምቶች በመንገድ ላይ ናቸው፤ የትኛው ነጸብራቅ የየትኛው ምት እንደሆነ የሚለይ ዘዴም አብሮ መታቀድ አለበት።

የራዳሩ ዓይነት

ዲሽ አንድን አካል ነጥሎ በጥራት ለመከታተል ይመቻል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ብዙ ቶን የሚመዝን ብረት ማዞርም ጊዜ ይወስዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አንቴናዎችን ደርድሮ ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚያዞር ራዳር ብዙ አካላትን እየተፈራረቀ መከታተል ይችላል፤ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፍሎሪዳ የሚሠራው ኤኤን/ኤፍፒኤስ-85 የዚህ ዓይነቱ ቀዳሚ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ዓይነት አጥር ነው፤ ጨረሩ አይንቀሳቀስም፤ በሰማይ ላይ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ግራቭ ከዚህ ወገን ነው፤ ያለማቋረጥ ስለሚያሰራጭ ማሰራጫው ዲዦን አጠገብ፣ መቀበያው ደግሞ በስተደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአልቢዮን አምባ ላይ ተተክለዋል።

ማሰራጫ ለማቆም ፈቃድና ገንዘብ የሌለው ሰው በዚህ የመጨረሻ መንገድ መጀመር ይችላል። ሌላው ያሰራጨውን ሞገድ ከሳተላይት ተንጸባርቆ ሲመጣ መቀበል ማሰራጫ አይጠይቅም፤ አንቴናና በኮምፒውተር የሚሠራ መቀበያ ይበቃል። በአውሮፓ የሚገኙ የራዲዮ አማተሮች የግራቭን ሞገድ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ ከተወርዋሪ ኮከቦች ጭራና ከጨረቃ ሳይቀር ተንጸባርቆ ይቀበሉታል። ርቀቱ ባይለካም የዶፕለር መስመሩን (በአካሉ እንቅስቃሴ የሚመጣውን የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) ማንበብ የሚለመደው በዚህ ነው።

አካሉን ማግኘት

የታወቀ አካል የሚፈለገው በሁለት መስመር ከሚጻፈው የምህዋር መረጃ ተነስቶ ነው። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ቁጥር 25544 ነው፤ ትልቅና በቀላሉ የሚታይ በመሆኑ ለልምምድ ከሱ የተሻለ የለም። ይህ መረጃ አማካይ እሴቶችን የያዘ ስለሆነ መሰላት ያለበት ኤስ.ጂ.ፒ.4 በተባለው ሞዴል ብቻ ነው፤ በሌላ ትክክለኛ በሚመስል ቀመር ቢሰላ ውጤቱ ይበላሻል። ሞዴሉ የሚሰጠው ቦታ የራሱ በሆነ የመጋጠሚያ ሥርዓት ውስጥ ስለሆነም ወደ ጣቢያው የአዚሙት (ከሰሜን ተነስቶ በአግድም የሚለካ) እና የከፍታ ማዕዘን ከመቀየሩ በፊት የምድርን ዙረት ያገናዘበ ልወጣ ያስፈልገዋል። የጣቢያውን ኬክሮስ ሲያስገቡ በካርታና በጂ.ፒ.ኤስ. ላይ የሚገኘውን እንጂ ከምድር እምብርት የሚለካውን አያስገቡ፤ ሁለቱ በ45 ዲግሪ አካባቢ በ0.19 ዲግሪ ይለያያሉ፤ ይህም በመሬት ላይ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የእኛ ዲሽ ጨረር 0.65 ዲግሪ ያህል ስለሚሰፋ በ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት 11 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ትኩስ የሆነ የሁለት መስመር መረጃ ብዙውን ጊዜ በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሳሳት አካሉ ጨረሩ ውስጥ ይወድቃል፤ መረጃው ጥቂት ቀናት ካለፉት ግን ላይወድቅ ይችላል። ስህተቱ የሚያድገው በዋናነት አካሉ በሚጓዝበት አቅጣጫ ነው፦ ከተባለው ጊዜ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ፍለጋው በሁሉም አቅጣጫ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይደረግ። ዲሹ አካሉን ተከትሎ ለመዞር የሚያስፈልገው ፍጥነትም አስቀድሞ ይታይ፤ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ በአናት ላይ የሚያልፍ ሳተላይት በሰከንድ 1.1 ዲግሪ ይሄዳል፤ በአናት ላይ ደግሞ አዚሙቱ በቅጽበት ስለሚገለበጥ በሁለት ዘንግ የሚዞር ተራ ዲሽ እዚያ ጋ አካሉን መጣሉ አይቀርም።

ምንም መረጃ የሌለውን አካል ለማግኘት ግን ጨረሩን በአንድ አቅጣጫ አቁሞ ለ24 ሰዓት የሚያልፈውን መቁጠር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የቲራ ማሰራጫና 100 ሜትሩ የኤፍልስበርግ ራዲዮ ቴሌስኮፕ በዚህ መልክ ተቀናጅተው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ስብርባሪዎችን ለይተዋል።

ምቱና የርቀት ልኬቱ

1 ሚሊ ሰከንድ የሚረዝም ምት በሕዋ ውስጥ ሲታይ 150 ኪሎ ሜትር የርቀት ብዥታ አለው። ኃይል እንዳይጎድል ምቱን ማሳጠር አይቻልም፤ መፍትሔው በምቱ ውስጥ ፍሪኩዌንሲውን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ፍጥነት ማንሸራተት ነው። ፍሪኩዌንሲው በ1 ሜጋ ኸርዝ ከተንሸራተተ መቀበያው ምቱን ወደ 1 ማይክሮ ሰከንድ ያጠበዋል፤ ብዥታውም ወደ 150 ሜትር ይወርዳል። ነጸብራቁ ጠንካራ ሲሆን የብዥታውን ማዕከል ከዚህም አጥብቆ ማግኘት ስለሚቻል፣ በ23 ዴሲቤል የእኛ ጣቢያ ርቀትን በ7 እና 8 ሜትር መካከል ባለ ስህተት ይለካል።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ በአውሮፕላን ራዳር ላይ ከቁብ የማይቆጠር ሲሆን በምህዋር ላይ ግን ልኬቱን ከሥሩ ያበላሻል። አካሉ ወደ ጣቢያው በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ሲቀርብ በ1.3 ጊጋ ኸርዝ ላይ የሚፈጥረው የዶፕለር ለውጥ 43 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። መቀበያው ይህን ለውጥ ከመዘግየት ለይቶ ስለማያውቀው በርቀቱ ላይ 6.5 ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐሰተኛ ፈቀቅታ ይጨምራል። መድኃኒቱ ከምህዋር ትንበያው የተሰላውን ዶፕለር አስቀድሞ ማስተካከል፣ ትንበያ ከሌለ ደግሞ ፍሪኩዌንሲው የሚወጣበትን ምትና የሚወርድበትን ምት እያፈራረቁ ልኮ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ነው፤ ፈቀቅታው በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ምልክት ስለሚኖረው ይጠፋፋል። ልዩነታቸውም አይጣል፤ የአካሉን የመቅረብ ወይም የመራቅ ፍጥነት ይነግራል።

የሰዓት ምልክት አሰጣጥም እንዲሁ ነው። አካሉ በ1 ሚሊ ሰከንድ 7.5 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የጣቢያው ሰዓት ከጂ.ፒ.ኤስ. ጋር የተሳሰረ መሆን አለበት። ከዚያ ባለፈ የተለካው ርቀት የሚመለከተው ሞገዱ የተላከበትንም የተመለሰበትንም ቅጽበት አይደለም፤ ሞገዱ አካሉን የነካበትን ቅጽበት ነው። በ1,000 ኪሎ ሜትር ላይ በመነካቱና በመመለሱ መካከል 3.3 ሚሊ ሰከንድ አለ፤ የመመለሻው ሰዓት ቢመዘገብ አካሉ በመንገዱ ላይ በ25 ሜትር ገደማ ተዛብቶ ይቀመጣል። ስህተቱ በአንድ ማለፊያ ላይ አይታይም፤ የሁለት ጣቢያዎች ልኬት ሲጣመር ግን ምንጩ ሳይታወቅ ለሳምንታት ያደክማል።

ሞገዱ የሚያልፍበትን አየር ማስተካከል

ሞገዱ በአዮኖስፌር (ነጻ ኤሌክትሮኖች ባሉበት የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፤ መዘግየቱም በፍሪኩዌንሲው ካሬ ይቀንሳል። በመንገዱ ላይ ያለው የኤሌክትሮን መጠን በአንድ ካሬ ሜትር 500 ሺህ ትሪሊዮን፣ ማለትም ባለሙያዎቹ 50 የቴክ አሃድ የሚሉት ቢሆን፣ በ435 ሜጋ ኸርዝ የርቀት ስህተቱ 107 ሜትር፣ በ1.3 ጊጋ ኸርዝ 12 ሜትር፣ በ10 ጊጋ ኸርዝ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኛ ጣቢያ ርቀትን በ8 ሜትር ትክክለኛነት ስለሚለካ 12 ሜትሩን ችላ ማለት አይችልም፤ ከጂ.ፒ.ኤስ. ልኬት የሚዘጋጁትን የአዮኖስፌር ካርታዎች መጠቀም ይኖርበታል። የታችኛው ከባቢ አየር የሚያስከትለው መዘግየት በአናት ላይ 2.4 ሜትር ያህል ሲሆን በ10 ዲግሪ ማዕዘን ወደ 13 ሜትር ያድጋል፤ ፍሪኩዌንሲን አይለይም።

ከዚህ በኋላ የቀረው የመሣሪያው የራሱ መዛባት ነው። የዲሹን አቅጣጫ ለመፈተሽ ቦታቸው በትክክል የታወቁ የራዲዮ ምንጮችን፣ ለምሳሌ ካሲዮፒያ ኤ የተባለችውን የፈነዳች ኮከብ ቅሪት ወይም ፀሐይን፣ መቀበል የተለመደ ነው። (ፀሐይ በክትትል መካከል ጨረሩ ውስጥ ከገባች ግን የመቀበያውን ጫጫታ እጅግ ስለምታንረው ያን ጊዜ የተወሰደው ልኬት ምልክት ይደረግበት።) ለኃይል ልኬት የሚያገለግለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተወነጨፈው ኤል.ሲ.ኤስ.-1 የተባለ የአሉሚኒየም ኳስ ነው፤ ዲያሜትሩ 1.13 ሜትር ሆኖ የተሠራው የሚታይ ስፋቱ ልክ 1 ካሬ ሜትር እንዲሆን ነው። ከየትኛውም ጎን ቢታይ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የሚመልሰው ኃይል ከተሰላው ጋር ካልተስማማ ጥፋቱ የጣቢያው ነው። ለርቀት ልኬት የራሳቸው ቦታ በሌዘር በሴንቲ ሜትር ደረጃ የሚታወቅ ሳተላይቶችን መጠቀም ይመረጣል።

ከልኬት ወደ ምህዋር

አሁን በእጃችን የተከማቸው የሰዓት፣ የርቀት፣ የአዚሙት፣ የከፍታ ማዕዘንና የፍጥነት ዝርዝር ነው። እነዚህ በእኩል ዓይን መታየት የለባቸውም። ርቀቱ በ8 ሜትር ሲለካ፣ ማዕዘኑ በ23 ዴሲቤል በ0.02 ዲግሪ ቢለካ በ1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ስህተቱ 350 ሜትር ነው፤ ማለትም ከርቀቱ በ40 እና በ50 እጥፍ መካከል የከፋ። ስሌቱ ውስጥ ለሁሉም እኩል ክብደት የሰጠ ሰው ጥሩውን ልኬቱን በመጥፎው አበላሽቷል። ክብደቱ የሚሰጠው በስህተቱ ካሬ ግልባጭ ነው።

ለመነሻ የሚሆን ምህዋር ከሦስት ቦታዎች ይገኛል፤ ቦታዎቹ ከምድር እምብርት ሲታዩ በጥቂት ዲግሪ የሚራራቁ ከሆነ የጊብስ ዘዴ፣ በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ የሄሪክና ጊብስ ዘዴ ይሠራል። በመቀጠል ያ መነሻ በዝቅተኛ ካሬዎች ስሌት ከሁሉም ልኬቶች ጋር እየተስማማ ይታረማል። ሞዴሉ ውስጥ የምድር ወገብ ማበጥ የግድ መግባት አለበት፤ የዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የምህዋር ገጽ በቀን 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ የሚያዞረው እሱ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በታች ላለ አካል የአየሩ ግጭትም ይጨመር።

ስሌቱ ሲያበቃ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር በልኬቱና በሞዴሉ መካከል ያለው ቀሪ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከዜሮ በላይና በታች ያለ ሥርዓት ከተበተነ ደህና ነው። በማለፊያው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ የከባቢ አየሩ ማስተካከያ ጎድሎታል፤ በአካሉ ፍጥነት ልክ የሚለዋወጥ ከሆነ ሰዓቱ ወይም ከላይ የተነሳው የዶፕለር ፈቀቅታ ይመርመር፤ በሁሉም ላይ እኩል ከሆነ ደግሞ የመሣሪያው ቋሚ መዘግየት በትክክል አልተቀነሰም። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከቆየ አንድ ማለፊያ የሚገኘው ምህዋር የአካሉን ቦታ በዚያ ሰዓት በደንብ ቢናገርም የዙረቱን ጊዜ በደንብ አይናገርም፤ በዙረት ጊዜ ላይ የ1 ሰከንድ ስህተት ካለ በቀን ከ14 እስከ 15 ጊዜ የሚዞር አካል በማግስቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ አካል ሲገኝ ሁለተኛው ልኬት በዚያው ቀን፣ ቢቻል በሚቀጥለው ዙር ወይም ከሌላ ጣቢያ መወሰድ አለበት።

አካሉ በሚቀጥለው ማለፊያ በተተነበየበት ቦታ ካልተገኘ ዲሹን ወዲያና ወዲህ ማማታት ጊዜ ማባከን ነው። ጨረሩን በምህዋሩ መንገድ ላይ፣ አካሉ ከሚጠበቅበት ቀደም ባለ ሰዓት፣ አንድ ነጥብ ላይ አቁመው ይጠብቁ። የአየሩ ግጭት ከተገመተው በላይ ከሆነ አካሉ ዝቅ ብሎ ስለሚፈጥን ቀድሞ ይመጣል፤ ከተገመተው በታች ከሆነ ዘግይቶ በዚያው ነጥብ ያልፋል። ነጸብራቁ ሲታይ የደረሰበትን ሰዓት ከትንበያው ጋር አነጻጽረው የጊዜ ልዩነቱን ለዲሹ መቆጣጠሪያ ያስገቡና ከዚያው ማለፊያ ሳይወጡ መከታተሉን ይቀጥሉ።